የመኪናና የጀልባ የእጅ ቫኪዩም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፤ በባትሪ ስለሚሠራው፣ በአንድ እጅ ስለሚያዘው ትንሽ ቫኪዩም። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ዕቃው «ሞተብኝ» ይላሉ። ከጻፉልን ምልክት ስንነሳ ግን ከሞቱት ይልቅ የታፈኑት ይበዛሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሜትር ታክሲ እሠራለሁ። ተሳፋሪ ካወረድኩ በኋላ ወለሉን ቶሎ ለማንሳት ብዬ የእጅ ቫኪዩም ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ 7.4 ቮልት፣ 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ 120 ዋት፣ 15000 ፓስካል፣ 30 ደቂቃ ይላል። የእኔ 9 ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል። ተበላሽቶ ነው ወይስ ተታልዬ ነው? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ዕቃዎ ደህና ነው፤ የተበላሸው የሳጥኑ ሒሳብ ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ሲያባዙ ባትሪው የያዘው ጉልበት በዋት ሰዓት ይወጣልዎታል። 7.4 በ4 ሲባዛ 29.6 ዋት ሰዓት ነው። ይህን ለ120 ዋት ቢያካፍሉት 15 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የተጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮም 30 ደቂቃ ከየትም አይመጣም።

4000 የሚለው ቁጥርም ያጠራጥራል። 7.4 ቮልት የሚገኘው እያንዳንዳቸው 3.7 ቮልት የሆኑ ሁለት የሊቲየም ሴሎች አንዱ ከሌላው ኋላ ሲቀጠል ነው። እንዲህ ሲቀጠሉ ቮልቱ ይደመራል፣ ሚሊአምፔር ሰዓቱ ግን የአንዱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። 2000 እና 2000 ደምሮ 4000 ብሎ መጻፍ በዚህ ገበያ የተለመደ ስሕተት ነው። በ2000 ካሰሉት ባትሪው 14.8 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በ9 ደቂቃ አለቀ ማለት ሞተሩ ወደ 99 ዋት እየሳበ ነው። ለዚህ መጠን ዕቃ ይህ ጤናማ ነው። ሁለት ፍጥነት ያለው ከሆነ «30 ደቂቃ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ አፉ ላይ ምንም ሳይገጠም የሚገኘው ነው።

ስለ ፓስካልም፣ ማለትም ስለ መሳብ ኃይሉ ቁጥር፣ አንድ ነገር ይወቁ። ይህ ቁጥር የሚለካው አፉ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ፣ አየር ሳይንቀሳቀስ ነው። ቆሎና አሸዋ ከምንጣፍ የሚያነሳው ግን የሚንቀሳቀሰው አየር ነው። ባለ 15000 ፓስካል ሆኖ ቀጭን ጉሮሮ ያለው ዕቃ፣ ባለ 8000 ሆኖ ሰፊ አየር ከሚያሳልፈው ሊያንስ ይችላል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የመሳቢያው አቅምም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 15000 የተባለው እውነት ቢሆን እንኳ ከተማችን ውስጥ 12000 አካባቢ ነው። የሳሳ አየር ሞተሩንም በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ከማስኬድ በየ 4 እና 5 ደቂቃው ትንሽ ቢያሳርፉት ይሻላል።

9 ደቂቃ ለአንድ መኪና ይበቃል፤ የሚያንሰው ቅደም ተከተል ሲጠፋ ነው። ቫኪዩሙን ሳያበሩ ምንጣፎቹን አውጥተው ውጭ ያራግፉ። ቀጥሎ ደረቅ ብሩሽ ይዘው ከላይ ወደ ታች ይውረዱ፦ ዳሽቦርድ፣ የበር ኪስ፣ የወንበር ስፌት፣ የወንበር ሐዲድ። ቆሻሻው ሁሉ ወለል ላይ ሲወርድ ያን ጊዜ ያብሩት። በቀጭኑ አፍ ሐዲዱንና ጥጋጥጉን፣ በሰፊው ወለሉን። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ ጭቃ አይንኩ። ሲደርቅና ሲፈረፈር በደቂቃ የሚነሳው ጭቃ፣ እርጥብ ሳለ ጉሮሮው ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሲገዛ ጎበዝ ነበር። በ3 ወሩ ድምፁ እየቀጠነ፣ ጉልበቱ እየደከመ መጣ። ባትሪ ልቀይር? (አዳማ)

መልስ፦ ገንዘብዎን ያቆዩ። የጻፉት ምልክት ራሱ መልሱን ይዟል። ድምፁ ቀጥኖ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ጉልበቱ ከወረደ አየር ታፍኗል ማለት ነው፤ የሚገፋው አየር ሲያጣ ሞተሩ ሥራው ይቀለውና ይፈጥናል። ባትሪ ሲደክም ተቃራኒው ነው፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል። የሚፋጭ ድምፅ የሞተሩ ኩሽኔታ ነው። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት ወዲያው ያጥፉት።

ለማረጋገጥ ባዶውንና የተጠረገውን የአቧራ ዕቃ ይግጠሙ፣ ፊልትሮውን ያውጡና አቧራ በሌለበት ለ3 ሰከንድ ብቻ ያብሩት። መዳፍዎን አፉ ላይ ሲያስጠጉ ጉልበቱ ተመልሶ ካገኙት ጥፋቱ ፊልትሮው ነው። ከ3 ሰከንድ አያሳልፉ፤ ያለ ፊልትሮ የሚገባው አቧራ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ነው የሚያርፈው።

የበጋ አቧራችን እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ፊልትሮው ላይ ከላይ ቢራገፍም በእጥፋቶቹ መካከል ይቀራል። አጸዳዱ እንዲህ ነው። ፊልትሮውን ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን በጀርባዎ አድርገው፣ የፕላስቲክ ጠርዙን በቅርጫት ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ይምቱት። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽም ይሆናል፣ እጥፋቱን ተከትለው ይጥረጉት። «ይታጠባል» የሚል ከተጻፈበት ብቻ ለብ ያለ ውሃ ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ጎን ያፍሱበት። ሳሙናም ፍተጋም አያስፈልገውም። የወረቀት ፊልትሮ ውሃ ከነካው አበቃለት።

ትልቁ ስሕተት ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ሲነኩት የደረቀ የመሰለ ፊልትሮ እጥፋቱ ውስጥ እርጥብ ነው። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በበጋ 24 ሰዓት፣ በክረምት 48 ሰዓት ይደር። ጸጉር ማድረቂያና የሚያቃጥል ፀሐይ ማጣበቂያውን ያላቅቁታል። ያልደረቀ ፊልትሮ ከተገጠመ አቧራው ጭቃ ይሆንና ይደርቅበታል፣ በሳምንቱም ሻጋታ ይሸታል። ለዚህ ነው ሁለት ፊልትሮ ይኑርዎት የምንለው፤ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል። በየቀኑ የሚሠራበት ሰው በየ 3 እስከ 6 ወሩ አዲስ ያስፈልገዋል።

አንድ ቀላል ዘዴ እንጨምር። ያረጀ የሴት ስቶኪንግ ቆርጠው ፊልትሮው ላይ በአንድ ድርብ ያልብሱት። ፀጉሩንና ደረቁን አቧራ እሱ ይይዘዋል፤ አውልቀው ማራገፍ ብቻ ነው። ሁለት ድርብ ካደረጉት ግን ራሱ ያፍናል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጉልበቱ ካልተመለሰ በአቧራ ዕቃውና በሞተሩ ክፍል መካከል ያለችውን ክብ ጎማ ይዩ። አሸዋ ከሥሯ ከገባ ወይም ከተጣመመች አየር በጎን ይገባል። አፉን ወደ ታች ሲያደርጉ አቧራ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ መግቢያው ላይ ያለችው ስስ የጎማ ክዳን አልገጠመችም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጎብኚ የማመላልስ ባለ ፋይበር ጀልባ ነኝ። ወለሉ ላይ ቅጠል፣ አሸዋና ውሃ ይጠራቀማል። «ደረቅም እርጥብም» የሚል የእጅ ቫኪዩም አየሁ። ሞተር ሥር የሚንጠባጠበውን ቤንዚንም ያነሳልኛል?

መልስ፦ ቤንዚኑን በፍጹም! ይህን ከሁሉ አስቀድመን የምንመልሰው ሰው ስለሚያቃጥል ነው። በእነዚህ ቫኪዩሞች ውስጥ የተሳበው አየር ሞተሩን እያቀዘቀዘ በላዩ ላይ ያልፋል። በርካሾቹ ሞተሮች ውስጥ ካርቦኑ መዳቡን እየፋቀ ያለማቋረጥ ጥቃቅን ፍንጣሪ ይረጫል። የቤንዚን ትነት ከአየር 3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከወለሉ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል እንጂ በቀላሉ አይበተንም። ቫኪዩሙ ያንን ትነት ጠጥቶ ፍንጣሪው ላይ ያደርሰዋል። ካርቦን የሌለው ዘመናዊ ሞተር ቢሆንም ማብሪያውና የባትሪው መገናኛ ፍንጣሪ ያወጣሉ፤ ስለዚህ እሱም ዋስትና አይሆንም።

ቤንዚን ሲፈስ ማንኛውንም ማብሪያ አይንኩ፣ ሲጋራ ይጥፋ፣ ተሳፋሪ ይውረድ። የወለሉን ክዳን ከፍተው ነፋስ ያስገቡ። በጨርቅ ወይም በደረቅ አሸዋ አስመጥጠው፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ወደ የብስ ያውጡት። ሐይቁ ውስጥ አይጨምቁት፤ ጣና የሚጠጣ ውሃ ነው፣ ዓሣውም ከዚያው ነው። አፍንጫ ሽታን ቶሎ ስለሚለምድ «አሁን አይሸትም» ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ቤንዚን በፈሰሰበት የወለል ሥር በዚያን ዕለት ቫኪዩም አይግባ።

ወደ ውሃው እንምጣ። «ደረቅም እርጥብም» የሚለው ውሃ መንካት ይችላል ማለት ነው፤ ፓምፕ ነው ማለት አይደለም። ማጠራቀሚያው ከሩብ ሊትር እስከ ግማሽ ሊትር ቢይዝ ነው። ወለል ሥር 10 ሊትር ቢኖር ከ20 እስከ 40 ጊዜ መድፋት ይሆንብዎታል፤ ባትሪውም መሐል ላይ ያልቃል። ውሃውን በእጅ ፓምፕና በስፖንጅ ይጨርሱ፣ ቫኪዩሙን ለመጨረሻዋ ስስ ውሃና ለጥጋጥጉ ያቆዩት። ውሃ ከመሳብዎ በፊት የወረቀት ፊልትሮው ካለ ይውጣና የስፖንጁ ይግባ። አፉን ሁልጊዜ ወደ ታች ይያዙ። ግማሽ የሞላ ማጠራቀሚያ ይዘው አፉን ወደ ሰማይ ካነሱት ውሃው ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ በጀልባ ላይ ከምንሰማቸው ብልሽቶች ይህን የሚያህል የለም። ከ«ማክስ» መስመሩ በፊት ይድፉት፣ ሲጨርሱም ከፍተው ያድርቁት።

IPX4 (አይፒኤክስ 4) የሚለው ምልክት ዕቃው የውሃ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው። ሐይቅ ውስጥ መውደቅን አይችልም፤ ከወደቀም አይንሳፈፍም። በእጀታው ቀዳዳ ሲባጎ አስረው ወንበሩ ላይ ይቋጥሩት።

ጥያቄ፦ ቫኪዩሙን ከአዲሱ ስልኬ ጋር በመጣው ቻርጀር ስሰካው ጨርሶ አይሞላም። በአሮጌው ቻርጀር ግን ይሞላል። (ሐዋሳ)

መልስ፦ በአሮጌው መሙላትዎን ይቀጥሉ። አዲሱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ ነው። እንዲህ ያለው ቻርጀር ከወዲያ በኩል ያለው ዕቃ «እኔ ተቀባይ ነኝ» ብሎ ምልክት ካልሰጠው ኤሌክትሪክ አይለቅም። ምልክቱ እያንዳንዳቸው 5.1 ኪሎኦም የሆኑ ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች ናቸው፤ ርካሽ አምራቾች ሳንቲም ለመቆጠብ ይተዉአቸዋል። ቻርጀር በኩል ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ ያለበት ገመድ ጥያቄ ሳይጠይቅ 5 ቮልት ይሰጣል። ባለ 5 ቮልት 2 አምፔር ከሆነ 10 ዋት ነው፤ ባለ 22 ዋት ሰዓት ባትሪ በ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይሞላል። በ1 አምፔር ግን 5 ሰዓት ያልፋል።

ጥያቄ፦ ከ2 ዓመት በኋላ ባትሪው አንድ ደቂቃ አይቆይም። መርካቶ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ሴል አገኘሁ። ልግዛው? ደግሞስ ባትሪ ጨርሶ ሳያልቅ አይሞላም የሚባለው እውነት ነው? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ አይግዙት። 18650 የሚባለው ሴል 18 ሚሊሜትር ወርድና 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። በዚህ መጠን ውስጥ በጥሩ ፋብሪካ የሚሠራው 2000፣ 2500፣ ሲበዛ 3500 አካባቢ ነው። 9900 የተጻፈበት የሐሰት ነው። ሚዛን ይዘው ይሂዱ፤ ትክክለኛው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ሐሰተኛው 30 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል።

እውነተኛ ሴል ሁሉም ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሦስት ሴል በተቀጠለበት ዕቃ፣ 11.1 ቮልት ላይ፣ 120 ዋት የሚስብ ሞተር ወደ 11 አምፔር ይጠይቃል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጣው ሴል ለ4 እና ለ5 አምፔር የተሠራ ነው፤ ይሞቃል፣ መቆጣጠሪያው ቦርድም ያቋርጠዋል። ሻጩን «ሳያቋርጥ 15 ወይም 20 አምፔር የሚሰጥ» ብለው ይጠይቁ። ሦስቱም ሴሎች አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ ይሁኑ፣ ከመቀጠላቸው በፊትም ቮልታቸው እኩል እስኪሆን ድረስ ይሞሉ።

ከመቀየርዎ በፊት በቴስተር ይለኩ። ባለ ሦስት ሴሉ ጥቅል ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ነው። ተሞልቶ 12.4 አሳይቶ ሲያበሩት ከ9 በታች የሚወድቅ ከሆነ ሴሎቹ ደክመዋል። አንዱ ሴል 4.1፣ አንዱ 2.5 ካሳየ አንዱ ብቻ ነው ሌሎቹን የጎተተ፤ ቢሆንም ሦስቱም አብረው ይቀየሩ። ከ2 ቮልት በታች የወረደን ሴል ለማስነሳት አይሞክሩ። ሥራውን የነጥብ ብየዳ ማሽን ላለው ባለሙያ ይስጡ፤ ሴሉ ላይ በቀጥታ ሶልደር ማድረግ ውስጡን ያቃጥለዋል። ያበጠ ሴል አይወጋ፣ አይጨመቅ፣ ከቤት ይውጣ።

«ጨርሶ ይለቅ» የሚለው ምክር እውነት የነበረበት ዘመን ነበር። ብላክ ኤንድ ዴከር በ1979 እ.ኤ.አ. «ዳስትባስተር» ብሎ የእጅ ቫኪዩምን ቤት ለቤት ሲያደርስ፣ የዘመኑ ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ነበር፤ ምክሩም ከዚያ የተወረሰ ነው። ሊቲየም ግን ጨርሶ ማለቁን ይጠላል። 20 በመቶ ሲቀረው ይሙሉት፤ ሲሠራ የሞቀ ከሆነ መጀመሪያ 30 ደቂቃ ይቀዝቅዝ።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ላለው ወንድሜ ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ ልወስድለት ነው። አውሮፕላን ላይ ይፈቀዳል? እዚያስ ይሠራል?

መልስ፦ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው የሊቲየም ባትሪ ይፈቀዳል፤ የእጅ ቫኪዩም ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 50 ነው። በእጅ ሻንጣ ቢይዙት ይመረጣል፤ በራሱ እንዳይበራ ማብሪያውን ይሸፍኑት። ትርፍ ባትሪ ካለ ግን የግድ በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው። ቻርጀሩን ገልብጠው ያንብቡ። 100-240 ቮልት ካለ አገር ቤት የሚያስፈልገው የሶኬት አስማሚ ብቻ ነው። 120 ብቻ ካለ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ወዲያው ይቃጠላል። ከሁሉ የሚሻለው በዩኤስቢ የሚሞላ መግዛት ነው፤ እግረ መንገድዎን ሁለት ትርፍ ፊልትሮ ያክሉበት፤ አገር ቤት ለዚያው ሞዴል የሚሆን ማግኘት ነውና ችግሩ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው፤ የአሠሪዎቼን መኪናና ትንሽ ጀልባ አጸዳለሁ። ቫኪዩሙን መኪናው ውስጥ ትቼው እውላለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ እህታችን። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ መሞላት የለበትም፤ ተሞልቶ ሙቀት ላይ መቀመጡም ዕድሜውን ይበላዋል። ቤት ውስጥ፣ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ። ከጀልባው ሲመለሱ ደግሞ ጨው ዋነኛ ጠላት ነው። በንጹሕ ውሃ እርጥብ ባደረጉት ጨርቅ ውጩን ይጥረጉ፣ ያድርቁ። የባትሪ መገናኛው ላይ አረንጓዴ ዝገት ካዩ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉት። የባሕር አሸዋ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይሳቡ፤ እርጥቡ ጨውን ይዞ ይገባል።

ጥያቄ፦ ባትሪ ካሳሰበን በመኪናው የሲጋራ መለኮሻ የሚሰካው አይሻልም? (ደሴ)

መልስ፦ ከመኪናው ለማይርቅ ሰው ይሻላል፤ ባትሪ አያረጅበትም። የመለኮሻው ፊውዝ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው፤ 12 ቮልት በ10 አምፔር 120 ዋት ስለሚሆን ከዚያ የሚበልጥ አይግዙ። ፊውዙ ሲበጠስ በትልቅ ፊውዝ መተካት ገመዱን ያቃጥላል። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ 20 ደቂቃ ቢሠሩበት ከ3 አምፔር ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ይወስዳል፤ ጤነኛ ባትሪ ይችለዋል። የኤሌክትሪክ መኪናም ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው፤ መኪናውን አብርተው ይሥሩበት።

ጥያቄ፦ ለበዓል በግ ከኋላ ጭነን ነበር። ጸጉሩ ምንጣፉ ውስጥ ተሰክቶ ቫኪዩሙ አልነቀለውም። ሽታውም አለ። (ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጸጉሩ የተሰካው በጉልበት ሳይሆን በምንጣፉ ክር ተጠምዶ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ያጥልቁ፣ በትንሹ ያርጥቡት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግመው ይሳቡ። ጸጉሩ ተንከባሎ ይሰበሰባል፤ ትልልቁን በእጅ አንስተው የቀረውን በቫኪዩም። እበቱ ከደረቀ በኋላ በካርቶን ይታፈስ። ሽንት የነካውን ቦታ በደረቅ ቫኪዩም አይንኩ፤ በጨርቅ ያስመጥጡ፣ በውሃና በትንሽ ኮምጣጤ ያጥቡ፣ በር ከፍተው ያድርቁ። ብዙ ሰው ለሽታው ቤኪንግ ሶዳ ይነሰንስና በቫኪዩም ይስበዋል። ሶዳው ከአቧራችንም የደቀቀ ስለሆነ ፊልትሮውን በአንድ ጊዜ ይደፍነዋል። ምንጣፉ የሚወጣ ከሆነ ሶዳውን ውጭ ያራግፉት፤ የማይወጣ ከሆነ ፊልትሮውን ስቶኪንግ አልብሰው በየደቂቃው እያራገፉ ይሳቡት። ለሚቀጥለው በዓል ከሥር ወፍራም ላስቲክ፣ ከላዩ ማዳበሪያ ያንጥፉ፤ ላስቲኩን የወንበሩ ጀርባ ላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ይሰሩት።